ትንንሾቼን ለማን አደራ እንዳልኩ

ዛሬ መርሳ ከተማ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ትዳር የያዙ ሁለት ወንዶች ልጆቼ ከአንድ ጥያቄ ሸሹብኝ!

ይህን የማስጽፈው በሴት ልጄ በዘሃራ እጅ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም።

የሁለት ትንንሾቼ እናት ሞታለች፣ አላህ ይዘንላት። እኔም አርጅቻለሁ። ኑዛዜ ላስጽፍ ወንዶቹን ይዤ ወጣሁ።

ደጃፉ ላይ ለሰው የሚጽፈው ጸሐፊ «የመስኖ መሬቱን ማን ይያዘው?» አለ። ሁለቱም «እኔ!» አሉ።

«ሕፃናቱንስ ማን ያሳድጋቸው?»

አንዱ ያልጮኸ ስልክ አነሳ። ሌላው ባጃጅ መቁጠር ጀመረ።

«እንግዲያው እስኪያድጉ ድረስ መሬቱን የሚያሳርሰው አሳዳጊያቸው ነው ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ትልቁ ወዲያው «አባ፣ እኔ እኮ ስወዳቸው ለጉድ ነው!» አለ።

«ትንሿ ስንት ዓመቷ ነው?» አልኩት።

«አሁን ድክ ድክ ትል የለም?»

ያ አላህ! ልጅቱ ኬጂ ሁለት ናት!

አሳዳጊያቸው ዘሃራ ትሁን ብዬ፣ በአራት ምስክር ፊት አስነብቤ አሻራዬን አሳረፍኩ። እሷ ልጆቹን ስታጥብ ነበርና አልመጣችም። አሁንም «ይህን ስለ ራሴ አልጽፍም» ስትል ተቆጥቼ ነው ያስጻፍኳት።

እናንተስ ትንንሾቻችሁን ለማን አደራ ብላችኋል? ያልጠየቃችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ከሞታችሁ በኋላ መልሱን አትሰሙትም።