በዘይት የወዙ እጆች

ማንዳዚ፣ ያንን በዘይት የሚጠበስ የኬንያ ብስኩት፣ ሳይ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። መጻፉ ግን ይጣፍጠኛልና ልጻፈው።

የእድራችን ኮሚቴ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ተሰብስቦ ነበር፤ ሰብሳቢው አባዬ ነው። ማንዳዚውን ጠብሰው የላኩት ጎረቤታችን፣ የአስመራዋ እትዬ ናቸው። ባላቸው በጠና ታመዋል። በስደት አገር ሰው ሲሞትብን የሚቀብርልን እድሩ ነው፤ ሌላ ማን አለን?

አንዱ የኮሚቴ አባል ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ያዘጋጁትን እጆች ባርክ" ብሎ ጸለየ። በሉ። ከዚያ ያው ሰውዬ፣ አፉን እንኳ ሳይጠርግ፣ "ልጆቻችን ሰሜን ጦርነት ላይ እያለቁ እኛ እዚህ የአስመራ ሰው አንቀብርም። እትዬም ባላቸውም ከእድሩ ይሰረዙ" አለ። ከአባዬ በቀር ሁሉም እጃቸውን አወጡ። ጣቶቻቸው በእትዬ ማንዳዚ ዘይት ወዝተው ያብረቀርቃሉ! እኔ ሻይ ልቀዳላቸው ቴርሞስ ይዤ ቆሜያለሁ።

"አይቻልም" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት! የእድሩን ደንብ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የገለበጥኩት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ፦ አባል በዘሩ አይሰረዝም፤ ይህን አንቀጽ ከጠቅላላ ጉባኤው በቀር ማንም አይለውጠውም።

"ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ፣ ልጅት! ኮሚቴው እንደ ፓርላማ ነው። ድምፅ ከሰጠን አለቀ" አለኝ ሰውዬው።

"ፓርላማም እኮ ከሕገ መንግሥቱ በታች ነው፣ ጋሼ። ትምህርት ቤት ተምረናል። እሱን የሚጻረር ሕግ ቢያወጣ አይጸናም።"

"አይ ክቡር ዳኛ!" ሲል ሁሉም ሳቁብኝ። "የዚህ አገር ፓርላማ ሕገ መንግሥቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲቀይረው ማን ከለከለው? በይ ሻይ ቅጂ።"

አባዬ ግን መነጽሩን አወለቀ።

"ልክ ናት። ሰዉ የመረጠን ደንቡን እንድንጠብቅ እንጂ እንድንቀድደው አይደለም። ከፈለጋችሁ እሁድ ጉባኤ እጠራለሁ፤ እዚያው፣ እትዬ ባሉበት ትናገራላችሁ።"

እሁድ እትዬ ከፊት ተቀመጡ። አባዬ፣ "ሐሳብ ያለው?" ሲል ሰውዬው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሌሎቹ ጫማቸውን። አንድም እጅ አልወጣም። ሲፈሩ ደግሞ የባሰ አስጠሉኝ።

የእትዬ ባል ሲያርፉ እድሩ ላንጋታ መካነ መቃብር ቀበራቸው። ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ጎረቤት ያመጣው ማንዳዚ ቀረበ። ሰውዬው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሊጸልይ ሲጀምር፣ አሜን ሳልል ወጣሁ።