ያድቪጋ እና የሠርጌ ሀብል

የመጀመሪያ ልጄን ደብረ ማርቆስ ስገላገል እጄን ይዛ ያዋለደችኝ ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ፖላንዳዊት አዋላጅ ነበረች። ምጡ ሲጠናብኝ፣ «ሴት ከሆነች ስምሽን አወጣላታለሁ» ብዬ ማልኩላት። ሴት ሆነች። የአዋላጇ ስም ያድቪጋ ነው።

ባለቤቴ ሳቀ። ችግሩ አባቱ ናቸው። ዲማ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው፤ እሳቸው ሳይስማሙ በዚህ ቤተሰብ እንኳን ለልጅ ለውሻም ስም አይወጣም። መሐላዬን አፍርሼ ያቺን ሴት በየማለዳው ቧንቧው ጋ ማግኘቱን ሳስበው ጨነቀኝ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ልጅቷን «ሚጣ» እያልን ቆየን።

የኔታ ለክርስትናው ሲመጡ ተዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። አዋላጇ በስልኳ እያሳየችኝ፣ በስሙ የታወቁትን ሴቶች እንደ ፈተና አጥንቻለሁ።

«በዚህ ስም ማን ማን ተጠርቶበታል?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፤ ስሙን ባሌ አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

«አንዲት ዝነኛ ቴኒስ ተጫዋች፣ የኔታ።»

«ኳስ?»

«የፊልም ተዋናይትም አለች።»

ዝንብ እንደሚያባርሩ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። ስለዚህ በስሙ የተጠራችውን የፖላንድ ንግሥት አወጣኋት፤ ገና በልጅነቷ እንደ ወንድ «ንጉሥ» ተብላ ዘውድ የደፋች፣ ስትሞት ጌጣጌጧን ለተዳከመ ትምህርት ቤት የተናዘዘች።

«ሃይማኖቷስ?»

«ክርስቲያን ነበረች» አልኩ። ካቶሊክ የምትለዋን ቃል ከምራቄ ጋር ዋጥኳት።

«ወርቋን በሙሉ ሰጠች?»

«በሙሉ። አንዲት ቀለበት አላስቀረችም።» ይቺን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ፊታቸው በራ። «ለተማሪ ያሰበች ሴት ስም ነው፤ ይውጣላት» አሉ። እልል ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው አንገቴ ላይ አረፈ። እዚያ ያለው ከነፍሴ የምወደው የሠርጌ ሀብል ነው።

«የተማሪዎቼ ጣራ ዘንድሮ ክረምቱን አይችልም» አሉ ረጋ ብለው። «የያድቪጋ እናትስ ምን ታስባለች?»

ባሌን አየሁት። ኮርኒሱን ይመረምራል።

ሀብሉን ፈታሁ። እውነቱን ልናገር፣ በገዛ ምላሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። የኔታ ተቀብለው መሐረባቸው ላይ ቋጠሩት፤ መረቁኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ጣቴን አዩ።

«ቀለበቱ ይቅርልሽ። ያቺ ካቶሊክ ንግሥትሽም አንዲት ሳታስቀር አልቀረችም።»