ያለ ወላጅ እንዳትመለስ

ሞላሌ ውስጥ ሃያ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኳስ ስዳኝ ኖሬያለሁ። ሜዳ ላይ ስለ ዓይኔ የተባለው ብቻ ቢጻፍ ከስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ይወፍራል።

የማወራው ግን የዳኝነት ደረጃዬ ከፍ ሊል ስለነበረበት ጨዋታ ነው። ከደብረ ብርሃን ገምጋሚ መጥቷል፤ ካሳለፈኝ ከወረዳ ወጥቼ ትልልቅ ጨዋታ እዳኛለሁ። ባለቤቴ ቁምጣዬን ተኩሳልኛለች። ጨዋታው ሞላሌ ከራቤል ነው። ከጓሳ ተራራ የመጣው ጉም ሜዳውን ስለዋጠው በረኛውን ያገኘሁት በድምፁ ነበር። ገምጋሚው ጋቢ ተከናንቦ ይጽፋል፤ እኔም ወፍ ብታልፍ ከጨዋታ ውጭ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ከእረፍት መልስ ጉሙ ገለጥ ሲል የሞላሌው ተከላካይ፣ እኔው ያስተማርኩት ጎረምሳ፣ የራቤሉን አጥቂ እንደ ገብስ አጨደው። ፊሽካ ነፋሁ።

«መምህር፣ ፈተናም እንዲህ ነበር የሚያርሙት» አለኝ ተከላካዩ።

ሰው ሳቀ። እጄ ቀይ ካርዱ ወዳለበት ኪስ መግባት ነበረበት፤ አፌ ቀደመው።

«ውጣ። ያለ ወላጅ እንዳትመለስ።»

ልጁ ወጣ። እኔም ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ጨዋታውን አስቀጠልኩ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ አባቱን ይዞ መጣ። አባቱ ቄስ ናቸው፤ ቤታቸው ከጎሉ ጀርባ ነው። ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ መሀል ሜዳ ገቡ።

«ምን አጠፋ መምህር?»

«ሰው ጠለፈ፣ አባ። በእኔም ተሳለቀ።»

«ይቅርታ ጠይቅ» አሉት። ልጁ ጉልበቴን ሳመ።

የሞላሌ ደጋፊ «ወላጅ አምጥቷል፣ ይግባ» ይላል። የራቤሉ አምበል ጆሮዬ ስር መጥቶ፣ «የእኛ ልጅ እግርስ? እሱም ወላጅ ያምጣ?» አለኝ።

ትምህርት ቤት ቢሆን ይገባል። ገምጋሚው መጻፉን ትቶ አገጩን ይዞ ያየኛል። ቀዩን አወጣሁ።

አባ ካርዱን አተኩረው አዩት። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

«አይመለስም ማለት ነው፣ አባ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አስጠሩኝ?»

በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ፊሽካዬን ነፍቼ ጨዋታውን አስቀጠልኩ።

ገምጋሚው መኪና ሲገባ፣ «ቀዩ ልክ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ዘገየ እንጂ» አለኝ። ደረጃው አልመጣም፤ እዚያው ወረዳ ቀረሁ። አባ ግን ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ሲጫወት ሳይጠሩ መጥተው መስመሩ ላይ ይቆማሉ። ሌላ ተጫዋች ባጠፋ ቁጥር ወደ እኔ ዞረው፣ «የዚህስ አባት የሉም?» ይሉኛል።