የእትየ ዝማም ፎቶ

ባለፈው ጥር አንድ ወጣት ደብረ ታቦር ወዳለችው ፎቶ ቤቴ ገባና በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አያቱ እንዳረፉ፣ ለአርባቸው ፎቷቸው በትልቁ ታጥቦ ፍሬም ውስጥ እንዲገባለት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ችግሩ፣ አያቱ በሕይወታቸው የተነሱት ይህችን ብቻ ነው፤ እሷንም ሲነሱ ተንቀሳቅሰው አበላሽተዋታል። ለመታወቂያ እንኳ ተነሱ ቢባሉ እንቢ እንዳሉ ነው የሞቱት። በኮምፒውተር ፊታቸውን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ካልሆነም የእናቱ መልክ የአያቱን ስለሚመስል፣ ከእሷ ተወስዶ ይገጠምላቸው አለ።

ፎቶዋን ይዤ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ቀድሜ ያወቅሁት ሰዎቹን ሳይሆን ድንጋዮቹን ነው። በሁለት ረድፍ የቆሙ ረጃጅም ጥቋቁር ድንጋዮች አሉ፤ ከሥራቸው አንድ ቄስ፣ አንድ ጎረምሳና ሁለት ልጃገረዶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከቄሱ አጠገብ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ከጭሱ ውስጥ አንድ እጅ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያችን ፎቶ ያነሳኋት እኔ ነበርኩ።

ስጉ ሰው ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። በር ቆልፌ ተመልሼ የማይ፣ መኪና ዳገት ሲወጣ ተሳፋሪ ሆኜ ሳለ የሌለ ፍሬን የምረግጥ ሰው ነኝ። እናቴ «ይኸ ልጅ ሳይዘንብ ይበሰብሳል» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የገደል አገር ፎቶ አንሺ ሆነ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው፤ ሥራ አልነበረኝም፣ አጎቴ ደግሞ ካሜራ ነበረው።

ጊዜው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ የተነሳበት ወቅት ነው። ንፋስ መውጫ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጋይንትና ስማዳን ከንግሥ ንግሥ፣ ከሠርግ ሠርግ እየዞርኩ ፎቶ አነሳ ነበር። እንደ ዛሬው ሁሉም በየኪሱ ካሜራ የሚይዝበት ዘመን አልነበረም። የገጠሩ ሰው በዕድሜው አንዴ ቢነሳ ነው፤ ስለዚህም ፎቶ ፊት መቆም ሽማግሌ ፊት እንደመቆም ከባድ ነገር ነበር። ማንም አይስቅም። በግማሽ አካሉ መነሳት የሚወድም የለም። እግሩ ያልወጣ ሰው «እግሬን የት አደረስከው?» ብሎ ይሟገትሃል እንጂ ፎቶውን አይቀበልህም። ጀማሪ ሳለሁ ከወገባቸው በላይ ያነሳኋቸው አንድ ሽማግሌ «በቁሜ ቆረጥከኝ» ብለው ባገኙኝ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር።

በጥቅምት ወር አቦ ወደሚነግሥበት አንድ ደብር፣ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። የተሳፈርኩት አይሱዙ ላይ ነው፤ ከጆንያ በላይ፣ ከሰማይ በታች። ክረምቱ የቦረቦረው መንገድ መኪናውን ወደ ገደሉ ባዘመመው ቁጥር የጆንያውን ጆሮ እይዛለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ያጎርሱኛል፤ ስጋቱ መዋጥ ከልክሎኝ እሸቱን ጉንጬ ውስጥ አጠራቅመዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ገብሱ እንዴት እንደቀላ፣ አደዩ ገና እንዳልረገፈ ያጫውታችሁ ነበር። እኔ ስሄድ የዋልኩት የኋላውን ጎማ እያየሁ ነው።

ድንጋዮቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ናቸው። ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ስለቆሙ፣ ሌሊቱን ማኅሌት የቆሙ መዘምራን ይመስላሉ፤ አገሬውም ማኅሌት ድንጋይ ይላቸዋል። አንዳንዱ አናቱ ላይ እንደ ጥምጥም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሟል። ከሥራቸው ጠበብ ያለች ሣር የለበሰች ሜዳ አለች። ሜዳዋ ስታልቅ መሬትም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው ገደል ነው። የሚነሱት ሰዎች ጀርባቸውን ለድንጋዮቹ ይሰጣሉ፤ እኔ ደግሞ ጀርባዬን ለገደሉ መስጠት ነበረብኝ። ገና ስደርስ ያየሁት ጫፉን ነው፤ ቀኑን ሙሉም በጎን ዓይኔ ስጠብቀው ዋልኩ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ማኅሌት ድንጋይ ፊት ልነሳ አለ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋደም አድርገው፣ ሴቶቹ የተጠለፈ ቀሚሳቸውን ዘርግተው እየመጡ ቆሙ። ፊልሙ ሊያልቅ ሁለት ፎቶ ሲቀረው የደብሩ ቄስ አባ ታረቀ ከቤተሰባቸው ጋር መጡ። ልጃቸው ምስጋናው ለውትድርና ተመዝግቦ ኖሯል፤ በማግስቱ ጠዋት ከወገዳ በሚነሳው መኪና ሊሄድ ነው። አብሯቸው ያልሆነ ሰው የለም፤ ሁለቱ ታናናሽ እህቶቹም፣ እናቱ እትየ ዝማምም አሉ። እትየ ዝማም ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ፊልሙ ባሕር ዳር ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ሳምንታት እንደሚወስድ ነገርኳቸው።

«ይዘግይ ግድ የለም» አሉኝ። «ይድረሰው ብቻ። እናቱን በኪሱ ይያዝልኝ።»

አባ ታረቀ በበኩላቸው እግራቸው እንዳይቀር፣ የድንጋዮቹም አናት እንዳይቆረጥ አደራ አሉ፤ ልጁ ባለበት ሆኖ አገሩን ሙሉውን እንዲያይ ነው። እሺ አልኩ። የመጀመሪያዋን ሳነሳ ከገደሉ የወጣ ነፋስ የእትየ ዝማምን ነጠላ ፊታቸው ላይ ጣለው፤ ታናሽቱም ልጅ ልትገልጥላቸው ዞረች። አንዷ ፎቶ ሄደች። የቀረችኝ አንድ ናት።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ወዲያው ጉም ከበሽሎ በኩል እየተሳበ ወጣ። ብርሃኑ ወረደ። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ዓይኑን ረዘም አድርጎ መክፈት አለበት፤ በዚያ መሃል የተነቃነቀ ሰው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ነገ ይሄዳል፣ ሌላ ፊልም የለኝም፣ ጉሙ ደግሞ የኋለኞቹን ድንጋዮች መዋጥ ጀምሯል። ይህች ፎቶ ከተበላሸች እኒህን እናት ምን ብዬ አያቸዋለሁ?

«ጨርሻለሁ እስክል ድረስ ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አልኳቸው። «ዝንብ ብታርፍባችሁ እንኳ እሽ እንዳትሉ። ዓይናችሁ ከካሜራው እንዳይነቀል።»

አባ ታረቀ ወደ ቤተሰቡ ዞረው፣ የተባለው እንደተባለ ይሁን አሉ። ሁሉም ቀጥ አሉ፤ ከድንጋዮቹ የሚለያቸው ልብሳቸው ብቻ ነበር።

ካሜራውን ቀና ሳደርገው እግራቸው ይቀራል። ደፋ ሳደርገው የድንጋዮቹ አናት ይቆረጣል። ወደ ኋላ ሄድ አልኩ። አሁንም የአባ ታረቀ ጫማ አልገባም፤ ደግሞ ሄድ አልኩ። ቀኑን ሙሉ እንደ ጅብ ስጠብቀው የዋልኩትን ገደል የረሳሁት ያን ጊዜ ነው። ለፎቶዋ መስጋቴ ለራሴ መስጋቴን አስረሳኝ። በካሜራው ውስጥ ሳያቸው የሁሉም ዓይን ፈጥጧል፤ ትንፋሻቸውንም ውጠዋል። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ታዛዥ ሕዝብ ነው እያልኩ አንድ እርምጃ ጨመርኩና ጣቴን መጫን ጀመርኩ።

«ቁም ልጄ!»

እትየ ዝማም እጃቸውን ዘርግተው ከሰልፉ ሲወጡ አየሁ። በድንጋጤ ጣቴ ተጫነ፤ ካሜራው ዓይኑን እንደከደነ ተረከዜ መሬት አጣ። ወደ ፊት ተደፋሁና ሣሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ከእግሬ ሥር አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ወረደ፤ ሲያርፍ አልሰማሁትም። ወዲያው አንድ እጅ የኮቴን ኮሌታ ያዘና እየጎተተ ወደ መሃል ሜዳው አመጣኝ። እጁ የእትየ ዝማም ነበር።

ቀና ስል አባ ታረቀ፣ ምስጋናውና ልጃገረዶቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ጨርሻለሁ አላልኩማ።

«ጨርሻለሁ» አልኩ፣ እንደተንበረከክሁ።

ያኔ ሁሉም ተንጋግተው መጡ። «አይተንህ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ አባ ታረቀ። «ዐውቀህ መስሎን ነው። በሙያው የቆመን ሰው ምን ይሉታል?» እንዳይተነፍሱ ያዘዝኳቸው እኔው ነኝ። ምስጋናው ካሜራዬን ከሣሩ ላይ አንስቶ በእጅጌው እየጠረገ፣ በሚዘምትበትም እንዲህ የሚጮህለት ሰው ቢገኝ ጥሩ እንደነበር ተናግሮ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ ግን አሁንም የተያዝኩት በፎቶዋ ነው። ፊልሙ ማለቁን፣ ስለተንቀሳቀሱም ፊታቸው እንደማይወጣ ለእትየ ዝማም ስነግራቸው እንባዬ መጣ። እሳቸው ጉንብስ ብለው ከጉልበቴ ላይ አፈሩን ያራግፉ ነበር።

«ተወው» አሉኝ። «ነገ የኔውን እሸኛለሁ። ዛሬ ደግሞ የሌላዋ ልጅ ገደል ሲገባ ቆሜ ልይ?»

ያን ምሽት ቤታቸው አሳደሩኝ። ጠዋት ምስጋናው ሲሄድ እትየ ዝማም እስከ መኪናው ሸኙት፤ እኔ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ፊልሙ ባሕር ዳር ታጥቦ ሲመጣ እንደፈራሁት ሆነ። በአንዷ ነጠላ ፊታቸውን ሸፍኖታል፤ በሌላይቱ ሁሉም ጥርት ብለው ወጥተው እሳቸው ብቻ ጭስ ሆነዋል። የሁለተኛይቱን ሁለት ቅጂ ለቤተሰቡ ላክሁ፤ እነሱም አንዱን በሰው በሰው ለምስጋናው ልከውለታል አሉ። ደርሶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከደረሰው በኪሱ የያዘው ፊት የሌላትን እናት ነው ማለት ነው።

በበጋው አዲስ ፊልም ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። እትየ ዝማም ቆሎ ቆልተው አበሉኝ፣ እግሬን አሳጠቡኝ፤ ልነሳ ግን አላሉም። «ምስጋናው ሲመጣ ሁላችንም አንድ ላይ» አሉኝ። ዓመት ቆይቶ መርዶው መጣ። ለቅሶ ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ካሜራ ይዤ እዚያ ቤት መግባት አልደፈርኩም። እኔም ወደ ደብረ ታቦር ዞርኩ፣ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ።

ፎቶዋን መልሼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት ወጣቱ አይቻልም ማለቴ መሰለው። አያቱ ለምን እንደተንቀሳቀሱ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከልጃገረዶቹ ታናሽቱ እናቱ ኖራለች፤ አንድ ፎቶ አንሺ ገደል ሊገባ ሲል ነው እያለች ትነግረው ነበር፤ እሱ ግን የልጅ ማስተኛ ተረት ያደርገው ነበር።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ። ለአያቱ የሌላ ሰው ፊት እንደማልገጥም ነገርኩት፤ እናቱም በስልክ ፎቶዋ እንዳለች ትሁን አለች። በትልቁ አጠብኳት፣ አንድም ነገር ሳልነካ፣ ድንጋዮቹን ከነአናታቸው፣ ሰዎቹን ከነእግራቸው።

አርባቸው ላይ ሄድኩ። ፎቶዋን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቅለዋታል፤ እኔንም አክብረው ከፊት ለፊቷ አስቀመጡኝ። በዚህ ሙያ ስንት ሰው እንዳይንቀሳቀስ አዝዣለሁ፤ የታዘዘኝ ሁሉ መልኩን ይዞ ሄዷል። ያልታዘዙኝ እሳቸው ናቸው፤ መልካቸው ቀረ፣ እኔ ግን ልጆቼን አሳደግሁ። ይህን ዕዳ በምን እንደምከፍለው ሳላውቅ አረጀሁ፤ አሁን ደግሞ የሚከፈላቸው ሰው የለም። እጃቸው ከጭሱ ወጥቶ ወደ ተቀመጥኩበት ተዘርግቷል። ዘወር ብዬ ከጀርባዬ ያለውን አየሁ። የድንኳኑ ሸራ ብቻ ነበር። ቢሆንም ወንበሬን ወደ ፊት ሳብ አደረግሁ።