የአጋዘን ቀንድ ተሸክሜ በጉም ውስጥ

ዓመቱ መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ትልቋ ልጃችን ሂርና ላይ ሱቅ የከፈተችበት ዓመት ነው ትላለች። እኔ ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ብቻ ገብሱ ቢጫ የሆነበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ነበር። ዓመቱ ይጥፋኝ እንጂ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን አንድም ነገር አልረሳሁም። ዛሬም ከኋላዬ ኮቴ ከሰማሁ ጀርባዬ ውሃ ይሆናል።

እኔ የጭሮ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ሰባን አልፌያለሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። በጉልምስናዬ ደጋው ላይ የደን ጥበቃ ሆኜ ብዙ ዘመን ስለሠራሁ መንገዱንም ዱካውንም አውቀዋለሁ። በዚህ ምክንያት አዳኝ እንግዳ ሲመጣ እየጠሩ ይወስዱኝ ነበር።

የደጋ አጋዘን፣ በኦሮምኛ ገደምሳ የምንለው፣ እንደ ልብ የሚገደል አውሬ አይደለም። መንግሥት ቆጥሮ ነው የሚፈቅደው። በዚያ ዓመት ለእኛ ተራራ የወጣው ፈቃድ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ላረጀ ወንድ ነው። ሴት ከተመታች ወይም ጎረምሳው ከተመታ ቅጣት አለ። ፈቃዱ የደረሰው በዕድሜ የኔ እኩያ የሚሆን ፈረንጅ ነው። ተራውን ብዙ ዓመት ሲጠብቅ እንደኖረ አስተርጓሚው ነገረን። ቆዳ ገፋፊያችን ከድር ይህን ሲሰማ፣ “ይህን ያህል ጠብቆ ሚስት ቢፈልግ ኖሮ አራቱንም ይሞላ ነበር” ብሎ አሳቀን።

ከጭሮ ወደ መቻራ በሚወስደው መንገድ ሄደን ሄደን፣ ወደ ደጋው ታጥፈን፣ ድንኳን ተከልን። ሦስት ቀን ዳገት ወጥተን ወረድን። በሦስተኛው ቀን ከድር ወንዙ ዳር ጠርቶኝ ጭቃው ላይ አንድ ነገር አሳየኝ። የነብር ዱካ ነው። ጠርዙ ገና አልደረቀም። “ትላንት አይደለም፣ የዛሬ ነው” አልኩት። ለእንግዳው አልነገርነውም። እኔ ግን ያ ዱካ ከሐሳቤ አልወጣም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አገኘነው። ጀርባው የሸበተ፣ አንድ ጆሮው የተተለተለ ሽማግሌ አጋዘን። እንግዳው አንድ ጥይት ተኮሰ፣ በዚያው ወደቀ። እኛ እንኳን ደስ ያለህ ብለን ልንጨብጠው ስንሄድ ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ አውሬው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። ማንም ደፍሮ ተነሥ አላለውም። ያን ያህል ዓመት የጠበቀ ሰው ምን ይባላል? በዚህ መሐል ቀኑ ሄደ፣ ጉሙም ከገደሉ ሥር መውጣት ጀመረ።

ራሱና የአንገቱ ቆዳ ቶሎ ጨው ማግኘት አለበት፤ ካልሆነ ጠጉሩ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ጨዉ ያለው ድንኳኑ ጋ ነው። የሚሸከመው ፈረስ ደግሞ የደሙ ሽታ ሲደርሰው ልጓሙን በጥሶ ቁልቁል ሮጠ። ከድር የቀረውን ገፎ ሥጋውን ማዘጋጀት ነበረበት። እንግዳው ጉልበቱን ያመዋል። ከመንግሥት የተላከው ተቆጣጣሪ ደግሞ ሥጋው እስኪከፋፈል መቆም አለበት። እኔም ሸመገለ እንዳይሉኝ ብዬ፣ “እኔ አወርደዋለሁ” አልኩ። የሽማግሌ ኩራት መጥፎ ነገር ነው።

የአውሬውን ራስ ጀርባዬ ላይ አድርገው በጠፍር አሰሩት። የአንገቱን ቆዳ እንደ ካባ ትከሻዬ ላይ ጣሉት፤ ጆሮዬን ሁሉ ሸፈነው። ቀንዶቹ ከራሴ በላይ ክንድ ተኩል ያህል ወጡ። ተቆጣጣሪው ጥሩ ልጅ ነበር። ከቦርሳው ቀይ ጨርቅ አውጥቶ ቀንዱ ጫፍ ላይ አሰረልኝ።

“ጋሽ ተሾመ፣ ሁለት ነገር እንዳይረሱ። ጨርቁ ቀንዱ ላይ ይኑር። አፍዎም አይዘጋ። ይዝፈኑ፣ ያውሩ፣ ብቻ ዝም ብለው እንዳይሄዱ።”

“ከማን ጋር ነው የማወራው?” አልኩት።

“ከአጋዘኑ ጋር!” አለ ከድር። “እንደ ሚስትዎ አይመልስልዎትም፤ ዝም ብሎ ይሰማል።”

እየሳቅኩ ወረድኩ። መጀመሪያ ላይ የተባልኩትን አደረግኩ። ስለ ጉልበቴ ሕመም፣ ስለ ልጄ ሱቅ፣ ስለ ጭሮ ጭቃ ለአጋዘኑ አወራሁለት። ጉሙ ግን እየወፈረ መጣ። አስታው ደረቴ ድረስ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው። ቀንዶቹ ቅርንጫፉን እየመቱ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ደሙ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሲነካኝ ለብ ይላል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል። መዥገሮቹም ጌታቸው መሞቱን አውቀው ነው መሰለኝ ከሱ ቆዳ እየወጡ በእኔ አንገት ሲሄዱ ይሰማኛል። እጄ ጠፍሩን ስለያዘ ማራገፍ አልቻልኩም።

ግማሽ መንገድ ላይ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ከግራዬ፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ደረቅ እንጨት ቀሽ አለ።

ቆምኩ። እሱም ቆመ።

ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ቀሽ፣ ቀሽ። ቆምኩ። ጸጥ አለ።

ነብሩ ነው አልኩ። ሌላ ምንም ሐሳብ አልመጣልኝም። ትኩስ ደም እያንጠባጠብኩ፣ የሥጋ ሽታ ለብሼ፣ ብቻዬን የምሄድ እኔ ነኝ። የወንዙ ዳር ዱካ ዓይኔ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ አፌ በራሱ ተዘጋ። ዝም እንዳልል መባሌን ጨርሶ ረሳሁት። አውሬ ሲከተልህ ማነው የሚያወራው? ትንፋሼን እንኳ ቀነስኩ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ እንዳላይ አንገቴ በቆዳው ታስሯል። ማየት ከፈለግኩ በሙሉ አካሌ መዞር አለብኝ። ዞርኩ። ቀንዶቹም አብረውኝ ዞሩ። ጉም ብቻ ነው። ጆሮዬ ስለተሸፈነ ድምፁ ከየት እንደሆነ አይለይልኝም፤ ስለዚህ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያልኩ አዳመጥኩ። ጥቂት ሄጄ እንደገና ቆምኩ። ጎንበስ አልኩ። ቀና አልኩ።

ጥዬው ልሩጥ የሚል ሐሳብ መጥቶልኛል። ነገር ግን ቀንዱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ጫፉ ቢሰበርስ? ያ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ የተቀመጠው ታየኝ። በእጄ አደራ ይዣለሁ። ነብሩ ከፈለገ ከነሸክሜ ይብላኝ አልኩ። ጸሎትም ጀመርኩ፤ ግን አባታችን ሆይን ግማሽ ላይ ረሳሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ጸሎት!

ከዚያ አስታው በዛ ያለበት ቦታ ገብቼ፣ የማልታይ ሆኜ እንዲያልፈኝ ብዬ፣ ዝም ብዬ ቆምኩ። አልተንቀሳቀስኩም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ።

ይህን ድምፅ በጥበቃ ዘመኔ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጠመንጃ ሲቀባበል ነው። ነብር ቀጭ አይልም።

ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። የሚከተለኝ ሰው ነው። የሚከተለው ደግሞ እኔን አይደለም፤ ቀንዱን ነው። ስቆም የቆምኩት አቋም፣ ጆሮዬን ሳዞር የዞረው ቀንድ፣ ጎንበስ ቀና ማለቴ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ መሸሸጌ፣ ሁሉም የአጋዘን ሥራ ነው። ፈርቼ ያደረግኩት ነገር በሙሉ እኔን አጋዘን አድርጎኛል። ወደ ላይ ብመለከት ቀይ ጨርቁ የለም። አስታው የት ቦታ ላይ እንደወሰደው አላውቅም።

“ሰው ነኝ!” ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ አልወጣም። እጄን ላንሣ አልኩ፤ እጄም ከጠፍሩ አልላቀቅ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለቤቴ ሬሳዬን በዚህ ቆዳ እንደተጠቀለለ ልታየው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እፍረት ተሰማኝ።

“ነመ! ነመ!”

የሴት ጩኸት ነው፣ ከበላዬ፣ ከመጣሁበት መንገድ በኩል። “ሂንዱካሲን! ነመ!” ሰው ነው፣ አትተኩስ ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት ተንበርክኬ ነው። ከግራዬ፣ እንኳን ለጥይት ለድንጋይ ውርወራም ከሚቀርብ ቦታ፣ አንድ ሰው ከአስታው ውስጥ ተነሣ። ጠመንጃውን መሬት ላይ ጥሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ገበሬ ነው። “ኤ ረቢ! ኤ ረቢ!” እያለ ፈጣሪውን ይጠራል።

ሴትዮዋ ከላይ ወረደች። የሣር ሸክም በጀርባዋ፣ ማጭድ በእጇ፣ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም የማያንስ። ቀይ ጨርቄ በሌላው እጇ ነው። የተነጋገርነው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልጻፈው።

“ይህ የእርስዎ ነው?” አለችኝ ጨርቁን እያሳየችኝ። “ቅርንጫፍ ላይ አገኘሁት። አዲስ ነው፣ የጣለው ሰው ሩቅ አልሄደም ብዬ ልመልስ ተከተልኩ። ከዚያ ቀንድ አየሁ። ከቀንዱ በታች እግር አየሁ። ሸይጣን ነው ብዬ ልሸሽ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልሸሹም?” አልኳት፤ ድምፄ ያን ጊዜ ነው የተመለሰልኝ።

“ሸይጣን የላስቲክ ቦት ጫማ ያደርጋል እንዴ?”

ለመሳቅ ሞከርኩ፣ እንባዬ መጣ። እሷ ወደ ሰውዬው ዞራ ወረደችበት።

“ምን ልትሠራ ነበር አንተ?”

“ወላሂ ገደምሳ ነው ያየሁት” አለ። “በየዓመቱ ገብሴን ይበላል። ብነካው እታሰራለሁ። ፈረንጅ ሲመጣ ግን ይገደላል። ዛሬ ጉም ነው፣ ማን ያየኛል አልኩ።”

“እኔ የለሁም? ዓይን የለኝም?” አለችው።

መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠና ጫማዬን ያዘ፤ ቦት ጫማዬን። “አባ፣ አላየሁህም። እግርህን አላየሁትም” አለኝ። ልቆጣው ብፈልግም ቁጣው አልመጣልኝም። እኔም በጥበቃ ዘመኔ ገብሳቸው ተበልቶ የሚያለቅሱ ገበሬዎችን ዝም በሉ ስል ኖሬያለሁ። ጠመንጃውን አንሥቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገርኩት። ሄደ። ጉሙ ዋጠው።

ሴትዮዋ የሣር ሸክሟን አውርዳ መንገድ ዳር አስቀመጠች። ጨርቁን ቀንዱ ላይ መልሳ በሁለት ቋጠሮ አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ ከፊቴ ቀደመች።

“ልጩህልዎት” አለች።

እስከ ድንኳኑ ድረስ ከፊቴ እየሄደች “ነመ! ነመ!” እያለች ወረደች። ሰው ነው! ሰው ነው! አንድ ሰዓት የሚሆን መንገድ ነው። ድምፅዋ ሲደክም እኔ እቀበላት ነበር። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ዕቃውን ሊጠብቁ የቀሩት ጠባቂዎች፣ “ጋሽ ተሾመ፣ ሰው መሆንዎን ማን ካደ?” ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን መቀመጥ ብቻ ነው የቻልኩት። ጨዉን ነሰነሱት። ዞር ስል ሴትዮዋ ወደ ሣሯ ተመልሳለች። ውሃ እንኳ አልጠጣችም። ስሟን የነገሩኝ ጠባቂዎቹ ናቸው፤ ያን አካባቢ የሚያውቃት ብዙ ነው።

እንግዳው ማታ ቀንዱን ሲያይ ጫፉ ምንም እንዳልሆነ በጣቱ ዳሰሰና እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። የሆነውን አልነገርኩትም። ለተቆጣጣሪውም አልተናገርኩም። ጥሩ አድርጌ ይሁን መጥፎ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን አደን አብሬ ወጥቼ አላውቅም።

አሁን ጭሮ ከተማ ውስጥ እንኳ ብቻዬን ስሄድ እያወራሁ ነው የምሄደው። ከኋላዬ ሰው ሲመጣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። የሰፈር ሰው አረጀ፣ ጃጀ ይለኛል። ይበሉ። ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ እኔ አውቃለሁ።

የዚያን ገበሬ ስም በኋላ ሰምቼዋለሁ፤ ልጆች አሉት፣ እኔው ጋ ይቅር። የሴትዮዋን ግን መጻፍ አለብኝ፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚያ ነው። አዴ ሚስኪ ትባላለች።