እርሳስ በጥፍር

ጣሊያን መተማን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ እኔና የባሌ አባት ከሽንፋ ወንዝ ራቅ ብሎ ባለ የሽመል ጫካ ውስጥ ዳስ ጥለን፣ እርሳስ እያቀለጥን ጥይት እንሠራ ነበር። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ቤታችንን ባንዶች አቃጥለውታል። ልጅ አልወለድሁም፤ ወላጆቼም ደጋ ናቸው፤ ከአማቴ በቀር የምጠጋበት ሰው አልነበረኝም።

አማቴ ገበሬ ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት ግን ዝሆን ያድኑ ነበር፤ እርሳስ ማቅለጥ የተማሩት ያኔ ነው። ቀጥቃጭ መባልን ስለሚፈሩ ነገሩን ለጎረቤት ቀርቶ ለነፍስ አባታቸውም አልነገሩም። "እኔ እንደሁ ብረት አልቀጠቀጥሁም፤ እርሳስ ነው ያቀለጥሁ" ይሉኝ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እሳት የምናነደው ሰው ሁሉ ምሳ በሚያበስልበት ሰዓት ነው፤ ያኔ የእኛ ጭስ ከሌላው አይለይም። እርሳሱ በብረት ድስት ይቀልጣል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን እድፍ እኔ በማንኪያ እገፍፋለሁ። አማቴ እንደ ጉጠት የሚከፈት የብረት ቅርጽ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ሲረጋ ከፍተው ያራግፉታል። ባሩዱንና ቀለሁን የሚያሰናዱ ሌሎች ነበሩ፤ የእኛ ድርሻ እርሳሱ ብቻ ነው። እርሳሱን የሚያመጣልን ከድንበር ማዶ፣ ገላባት ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ከጨው ጆንያ ሥር ሸሽጎ በአህያ ያሻግረዋል።

አንድ ቀን የባሌ ጓደኛ ከዱር መጣ። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው። ጎንበስ ብሎ የአማቴን ጉልበት ሳመና ውጅግራውን ከትከሻው አወረደ።

"አባባ፣ እርሳሱ ለስላሳ ሆነብን" አለ። "ጥቂት ተኩሰን አፈሙዙ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።"

አማቴ ጠመንጃውን ወደ ፀሐይ አቅንተው በአፈሙዙ ውስጥ አዩ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ውስጡ ጥርት ማለት ሲገባው ሰም እንደ ተቀባ ሁሉ በእርሳስ ግራጫ ሆኗል።

"ከፈረንጁ ጥይት የቀረህ አለ?" አሉት።

"አንድ አለኝ።"

"እሱን ተውልኝ።"

ልጁ ቅር እያለው ከዝናሩ አውጥቶ ሰጣቸው። አማቴ እርሳሱን ከቀለሁ ነቅለው ባሩዱን በጨርቅ ቋጠሩለትና ሸኙት። ከዚያ በኋላ መለኪያችን ያ የፈረንጅ እርሳስ ሆነ።

አማቴ መጀመሪያ በጥፍር መሞከርን አሳዩኝ። የእኛን እርሳስ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ጥፍሩ ጠልቆ ይገባል፤ የፈረንጁን ሲጫኑት ያንሸራትታል። የእሳቸው ጥፍር በእርሻ ብዛት ተሰነጣጥቆ ስለነበር መሞከሩ ለእኔ ቀረ። ቀጥሎ ሁለቱን እርሳስ ጫፍ ለጫፍ አጋጥመው፣ አንዱን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ በመዶሻ መታ ያደርጓቸዋል። የተጨፈለቀው ለስላሳው ነው። ሁልጊዜ የሚጨፈለቀው የእኛ ነበር።

ኩል ያጠነክረዋል ሲባል ሰምተው ነበርና ኩል እንዳለኝ ጠየቁኝ። ለሠርጌ የተገዛ ኩል በትንሽ ቀንድ ውስጥ ነበረኝ። አመጣሁና ድስቱ ውስጥ ደፋሁት። ገማ፣ ጨሰ፣ ከእድፉ ጋር ተንሳፈፈ። ገፍፌ ጣልሁት። አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። "ሌላ እገዛልሻለሁ" አሉ። "ለማን ብዬ ነው የምኳለው" አልኋቸው። ክፋት አልነበረኝም፤ የመጣልኝን ነው ያልሁት።

መላ ያመጣልን ነጋዴው ነው። ገላባት የመዳብ ድስት ውስጡን የሚያነጣ ሰው ጎረቤቱ ነበር፤ ያ ሰው የሚቀባውን፣ ዐረቦቹ ገስዲር የሚሉትን ነጭ ብረት ጥቂት ገዝቶ አመጣ። "ይሄን ከእርሳሱ ጋር አቅልጡት። ካልሆነም ጨው ነው ያመጣህልን በሉኝ" ብሎ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። አማቴ በትንሹ እየጨመሩ፣ እኔ እየሞከርሁ ብዙ ጊዜ ፈጀን። ሲበዛ ገስዲሩ ያልቃል፤ ሲያንስ ጥፍሬ ይገባል።

የባሌ ጓደኛ ተመልሶ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ማሽላው አፍርቷል፤ ሙቀቱ ከምድር ይነሣል። እኔ ገና የበረደ እርሳስ አንሥቼ ልሞክር እያልሁ ነበር። ልጁ ከዳሱ በር ላይ ቆመ።

"ተቀመጥ እንጂ" አሉት አማቴ።

"አልቀመጥም፣ አባባ።"

"ምነው?"

መሬት መሬት ያይ ጀመር። "ወንድሜን፣ ልጅዎን ቀበርነው" አለ።

አማቴ ቅርጹን ከእጃቸው ቀስ ብለው አስቀመጡት። "ጥይት ነው?"

"አይደለም። ንዳድ ነው። ከኮኪት ወዲህ አንድ የባምባ ዛፍ ሥር አስተኝተነው ነበር። ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ፣ ጠዋት ውሃ ጠየቀን፤ ውሃውን ሳይጠጣው..."

እርሳሱ በእጄ ነበር። ጥፍሬን ጫንሁበት። አልገባም። ገልብጬ በሌላ በኩል ሞከርሁት፤ አንሸራተተ።

"ጠንክሯል" አልሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አማቴ እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ ልየው" አሉ። ተቀብለው በጣታቸው አገላበጡት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለውም። መጮህ አይቻልም፤ ባንዶቹ ከቅርብ መንደር ሰፍረው ነበር። ኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሳቱ እንዳይጠፋ እንጨት ጨመርሁበት። የቀለጠው እርሳስ ተርፎ ነበርና ቅርጹን አንሥቼ እኔው አፈሰስሁት። ልጁ የደረሰውን እርሳስ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ሄደ።

ጠጉሬን አልተላጨሁም። ጥቁር አልለበስሁም። ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ "ባልሽ ደኅና ነው?" ሲሉኝ "ደኅና ነው" እል ነበር፤ ሞቷል ብል የት እንደ ነበረ ይጠየቃል። ሐዘኑ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልሁ ጠበቅሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እርሳስ እሞክራለሁ። አማቴና እኔ ስለ እሱ አናነሣም ነበር። ስለ ገስዲር ነው የምናወራ።

በመጨረሻ እንግሊዞች ከሱዳን ወገን ሲመጡ ጣሊያን መተማን ለቀቀ። ለአርበኞቹ አዲስ ጠመንጃ ከነጥይቱ በሣጥን ታደላቸው። የእኛን እርሳስ የሚጠይቅ ጠፋ።

ተዝካሩን ያወጣነው ያኔ ነው። ጠጉሬንም ያኔ ተላጨሁ። ሕዝቡ መጣ፤ አልቃሿ ስለ ጀግንነቱ ሙሾ አወረደች፤ ሰው ደረቱን መታ። እኔ ጠላ እቀዳለሁ፣ እንጀራ አቀርባለሁ፣ የጎደለበትን አያለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

"አልቅሺ እንጂ፣ አንቺ! ባልሽ አይደለም?"

አማቴ ሰምተው ኖሮ ከተቀመጡበት ተነሡ። "ተያት" አሏት። "ያን ጊዜ አብራኝ ነበረች።"

የዚያን ዓመት ሰሊጥ አብረን አጨድን። ሲያልቅ አማቴ ጠሩኝና "ገና ልጅ ነሽ፤ ወደ ወላጆችሽ ሂጂ፤ ባል አግቢ። የሙት ሚስት ሆነሽ ከሽማግሌ ጋር አትቅሪ" አሉኝ። እምቢ አላልሁም፤ እሺም አላልሁም። ወደ ደጋ ከሚወጡ ነጋዴዎች ጋር አገናኙኝ፤ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ መረቁኝ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ሌላ ባል አገባሁ፤ ወለድሁ፤ ልጆቼ ለወግ ማዕርግ በቁ። አንዳንዴ የመጀመሪያ ባሌ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ይጠይቁኛል። ብዙ የምነግራቸው የለኝም። አብረን የኖርነው ትንሽ ጊዜ ነው። ረጅም ነበር፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከአባቱ ጋር የኖርሁት ይበልጣል።