ለጃዝ የሚሆን የደከመ ባትሪ

«የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የመከራከር አባዜዬ ይነሳል። የድሮው ቅቤ፣ የድሮው ተማሪ፣ የድሮው ዝናብ። ድሮ ይሻል የነበረው የእኛ ጉልበት ነው፣ ሌላው ያው ነው እላለሁ። በዚህ አቋሜ ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም። የእህቴ ባል ግን ከነክርክሬ ችለውኝ ኖረዋል።

እሳቸው ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ ናቸው። በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ ቢቸና ሲመደቡ የጃዝ ጊታራቸውንና ከአንድ የሆቴል ባንድ የገዙትን አሮጌ አምፕሊፋየር ይዘው መጡ። ትራንዚስተር ከመለመዱ በፊት የተሠራ፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሙ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት፣ ሙክት የሚያህል ዕቃ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ አንድ ዘገምተኛ ዜማ ይጫወታሉ። ልጃቸው በዚያ ዜማ እንቅልፍ እየወሰዳት አደገች። ከአጥሩ ጀርባ ወፍጮ ቤት ስለነበር ወፍጮው በተነሳ ቁጥር የቤቱ መብራት ደብዘዝ ይላል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። በኋላ ወፍጮው ተነቅሎ ሄደ፣ ለሠፈሩም አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለ። መብራቱ ቦግ ባለ ሰሞን አምፕሊፋየሩ ጢሱን ለቆ አረፈ። «ሲራብ ኖሮ በጥጋብ ሞተ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቁም። ጊታሩን ጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት።

ዘንድሮ እዚህ ሞጣ የምታስተምረው ልጃቸው የሠርጓ ቀን ተቆረጠ። አባቷን የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ ያንን ዜማ እንዲጫወቱላት።

«እንግዳ ሰብስቤ ቆርቆሮ አላሰማም» አሉ። «ዕቃው ሞቷል፣ ዜማውም አብሮ ሄዷል።»

ልጅቷ እኔ ዘንድ መጣች። «አጎቴ፣ ድሮ የሚባል ነገር የለም ትል የለ? በል እንግዲህ አስጫውተው።»

ከአዲስ አበባ ፔዳሎች አስመጣሁ። በእግር የሚረገጡ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ የመስታወት ቱቦዎቹን ሙቀት ይኮርጃል፣ ሌላው የአዳራሽ ማስተጋባት ይጨምራል። ስለእነሱ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ ማንበብ ሥራ የማዘግየት የተከበረ ዘዴ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥኖቹንና አንድ ትንሽ ስፒከር ተሸክሜ ወደ ቢቸና እመላለስ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት።

«ድምፅ የሚያስረጅ መሣሪያ ነው።»

«ሰው ወጣት የሚያደርግ ቢሆን ጋቢና አስቀምጠው ነበር» ብሎ ከወንበር ሥር ወሸቀው።

ቢቸና ስደርስ እሳቸው ወንበር ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቁልፍ ሳዞር እንውላለን።

«ይሄስ?»

«ታጥቧል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ተኳኩሏል።»

«ጋሼ፣ ድምፅ ነው የሚሰሙት ወይስ ሙሽራ ነው የሚመርጡት?»

«ችግሩ ምን መሰለህ፣ ይሄ ጤነኛ ነው። ያኛው ትንሽ ሕመም ነበረበት። ክሩን ስትመታው መጀመሪያ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና።»

ሠርጉ በተቃረበበት ቅዳሜ የፔዳሉን ቻርጀር ሞጣ ረስቼው ሄድኩ። «መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ አትረሳውም ነበር» አለች እህቴ። ቦርሳዬ ሥር አንድ ባትሪ ተገኘ። የሰጠኝ ሞጣ ማይክና ስፒከር የሚያከራይ ወዳጄ ነው። ማይክ ላይ ግማሽ የደረሰ ባትሪ አይተውም። ቄሱ ወይም ሼሁ በምርቃቱ መሃል ድምፃቸው ቢጠፋ የሚረገመው እሱ ነዋ። ስለዚህ ሳያልቅ ያወጣዋል።

ባትሪውን ሙቀት የሚኮርጀው ፔዳል ውስጥ ከተትኩ። እሳቸው አንዴ መቱ፣ አቆሙ። ደግመው መቱ። ድምፁ ጎንበስ አለ፣ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

እህቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምነው፣ ወፍጮው ተነሳ እንዴ?»

ሦስታችንም ተያየን። ወፍጮው ከተነቀለ ስንት ዘመኑ! ያ ሁሉ ዘመን ቤቱን የሞላው ድምፅ ወፍጮው ኤሌክትሪኩን ሲሻማው የሚራብ አምፕሊፋየር ድምፅ ነበር። ፔዳሉም ሲራብ ያንኑ አደረገ። እንደኔ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ቀን በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ነው።

«አዩ ጋሼ? ያዘኑለት የመብራት ድክመት ነው!»

«ይሁን» አሉ ቀና ሳይሉ። «እሱኑ ተውልኝ።»

ሞጣ ስመለስ ወደ አከራዩ ሄድኩ።

«ያለቀ ባትሪ አለህ?»

«ያለቀ?»

«ጨርሶ ያላለቀ። የደከመ።»

«ጋሼ፣ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው አዲስ ፈልጎ ነው» እያለ ፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። እኩሌታው ከቤተ ክርስቲያን፣ እኩሌታው ከመስጊድ የተመለሰ ነው። የትም አገር ያለ ጃዝ ይህን ያህል የተመረቀ ኃይል አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሠርጉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሞጣ የተተከለው ድንኳን ግጥም ብሏል። እሳቸው ፔዳሉን ረግጠው ጀመሩ። ድምፁ ጎንበስ ሲል እንግዳው ከሳህኑ ቀና አለ። «ስፒከሩ ተበላሸ» አለ አንዱ። ይህን የሰማው የሠርጉ ማይክ አከራይ፣ ባትሪዎቹን በገዛ እጁ የሰጠኝ ሰውዬ፣ የሙያ ነገር ሆኖበት አዲስ ባትሪ ይዞ ሮጠና እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ብጮህም የሚሰማኝ አልነበረም።

ሙሽራዋ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ከመቀመጫዋ ወረደች።

«አትንካው!»

«ሙሽሪት፣ ባትሪው እየሞተ ነው እኮ!»

«እንደሱ ነው! አትንካው አልኩህ!»

ከዚያ ከነቬሏ ስፒከሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ራሷን አስደገፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዬ አንዲት እናት «አይ፣ ልጅቷን ደክሟታል» አሉ። አባቷ ዜማውን ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። አከራዩ አዲሱን ባትሪ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ሲጨርሱ እሱን ጠሩት። «ያንን አንዱ ማይክ ላይ አድርገው» አሉት፣ ጊታሩን እያስቀመጡ። «ሲደክም ቢቸና ላክልኝ።»